መልስ፦ ከጎርጎራ ሆኖ ባሕር ዳር ቤት ያለውን ጄሊፊን መክፈት

ቤት ያለው ኮምፒውተርህ ላይ የጫንከው ጄሊፊን (የራስህን ፊልምና ሙዚቃ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያጫውት ፕሮግራም)፣ ራውተሩ ላይ 8096 ፖርትን (ግንኙነት የሚገባበትን በር ቁጥር) ከፍተህም ከጎርጎራ እምቢ ያለህ ራውተሩ ተበላሽቶ አይደለም። በጥያቄህ የጻፍከው በ100.72 የሚጀምር የውጭ አድራሻ የአንተ ብቻ የሆነ የሕዝብ አድራሻ አይደለም፤ አገልግሎት ሰጪው አንዱን የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ግንኙነት ራውተርህ ጋ አይደርስም፤ ፖርቱን መልሰህ ዝጋው።

ቅዳሜ ባሕር ዳር ስትመለስ፦

1. ኮምፒውተሩና ስልክህ ላይ ቴይልስኬልን (መሣሪያዎችህን በኢንተርኔት በኩል በግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጫን፤ በሁለቱም በአንድ አካውንት ግባ።
2. ቴይልስኬል ለኮምፒውተሩ የሰጠውን አድራሻ ከ:8096 ጋር በስልክህ ጄሊፊን ላይ አስገባ። እሱም በ100 ስለሚጀምር ከራውተሩ የውጭ አድራሻ ጋር እንዳይምታታብህ።

መብራት ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይቀራል፤ ከሐይቁ ማዶ ሆነህ ምንም ማድረግ አትችልም። ከባሕር ዳር ሳትወጣ ባዮስ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብተህ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ አዘጋጀው፤ ከዚያም ሶኬቱን ነቅለህ መልሰህ በመሰካት አረጋግጥ።