«ከዕፅዋት ቫይረስ ጋር ሠርቼ ማን ይቀጥረኛል?»

ሰላም እህቴ፣

አማካሪሽ ለማስተርስ ጥናትሽ በቫይረስ የቲማቲም ጂኖችን ዝም እያሰኘሽ (ሥራቸውን እያዳከምሽ፤ ዘዴው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ VIGS ይባላል) እንድትሠሪ እንደነገሩሽ ጽፈሽልኛል። አንድ ቴክኒክ ብቻ ይዤ እወጣለሁ ብለሽ ሰግተሻል። እኔ ተቀበይው ባይ ነኝ።

ዋናው ምክንያቴ ጊዜ ነው። ጂኑ በዘላቂነት የተለወጠ ተክል ማውጣት ብዙ ወራት ይበላል፤ የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የለውም። እዚህ ግን ከጂኑ 300 ገደማ ፊደላት ወስደሽ ቫይረሱ ውስጥ ትከቻለሽ፤ አግሮባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ ተሸክሞት፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቅጠሉ የታችኛው ገጽ በኩል ትገፊዋለሽ። ተክሉ ቫይረሱን ሊከላከል አርኤንኤውን (የጂን መልእክት የሚሸከመውን ሞለኪውል) ሲከታትፍ፣ ያንኑ ፊደል የያዘውን የራሱን መልእክትም አብሮ ይቆርጠዋል። የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም በብርሃን እንዳይጠፋ የሚረዳውን፣ ፒዲኤስ የሚባለውን ጂን ከነካሽ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ከላይ የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ነጭ ይሆናሉ። (ያን ቀን ፎቶ ሳያነሳ ከላብራቶሪ የወጣ ተማሪ አላውቅም።)

ነጩ ቅጠል ግን ሥራ አያስቀጥርሽም። ጠያቂው የሚፈልገው «ጂኑ በእርግጥ መቀነሱን በምን አወቅሽ?» ለሚለው መልስሽን ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ለኪው ፒሲአር (የጂን ቅጂ ለሚቆጥረው ምርመራ) የመረጡት ፕራይመር፣ ማለትም የሚቆጠረውን ቦታ የሚለይ አጭር ዲኤንኤ፣ ቫይረሱ ውስጥ በከተቱት ቁራጭ ላይ ያርፋል። ያኔ የሚቆጠረው ቫይረሱ የተሸከመው ቅጂ ስለሚሆን፣ ዝም ያለው ጂን የጨመረ ይመስላል። ፕራይመርሽ ከቁራጩ ውጭ ይሁን። ለማነጻጸሪያም ባዶ ቫይረስ ብቻ አትጠቀሚ፤ አንዳንዴ ተክሉን ክፉኛ ያሳምመዋል፣ ስለዚህ ተክሉ ውስጥ የሌለ ጂን፣ ለምሳሌ ጂኤፍፒ የሚባለው የጄሊፊሽ ጂን ቁራጭ፣ ክተቺበት።

ቫይረሱ ሰው አይዝም፤ ጎረቤት ተክል ግን ሊይዝ ይችላል፣ እጅሽንና መሣሪያሽን ጠብቂ።

እሺ ከማለትሽ በፊት አማካሪሽን ሁለት ነገር ጠይቂ። የተክል ክፍሉ 20 እና 22 ዲግሪ መካከል ይቆያል ወይ? ሙቀት ሲበዛ በቲማቲም ላይ ዝምታው ይዳከማልና። ሁለተኛ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ፒዲኤስን አንጥቶ ያሳየ ሰው አለ ወይ? ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ወራት በማስተካከል ያልቃሉ፤ ያንን በዕቅድሽ አስገቢ።

ሲቪሽ ላይ የቴክኒኩን ስም ብቻ ጽፈሽ አትለፊ። ክሎኒንግ (የጂን ቁራጭ ቆርጦ መክተት)፣ አርኤንኤ ማውጣትና ኪው ፒሲአር በዘር ኩባንያም በበሽታ ምርመራ ላብራቶሪም ይፈለጋሉ። የትኛውን ጂን ዝም እንዳሰኘሽ፣ በስንት ተክል እንደደገምሽው፣ ምን ያህል እንደቀነሰ በአንድ መስመር አስፍሪው።