መሬት ለአራሹ ሲሰጥ አጠገቡ ያለችው ከተማ ምን ትሆናለች?

ጥያቄዎ «መሬት ከተከፋፈለ በኋላ አንዷ የገጠር ከተማ ስትደምቅ ሌላዋ ለምን ትከስማለች?» ነው። መጀመሪያ የሚታየው ባለመሬቱ ከአራሹ የሚሰበስበውን ኪራይ የት ያወጣው እንደነበር ነው። እዚያው ከተማዋ ውስጥ ይኖር ከነበረ፣ የእሱ ደንበኝነት ድንገት ይቋረጣል። በዋና ከተማ ይኖር ከነበረ ግን ያ ገንዘብ አሁን ገበሬው እጅ ይቀራል፤ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ልብስ ይገዛበታል።

አራሹ ለመሬቱ የሚከፍለው፣ ባለመሬቱም በምትኩ የሚያገኘው ክፍያ ወሳኝ ነው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1953 መሬቱን በዋናው ሰብል የዓመት ምርት 2.5 እጥፍ ገምታ፣ አራሹ በ10 ዓመት እንዲከፍል አደረገች። ባለመሬቶቹ 70 በመቶውን በቦንድ፣ 30 በመቶውን በመንግሥት ኩባንያዎች አክሲዮን ወሰዱ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ብድሩ ላይ ነው። ባለመሬቱ አበዳሪም፣ ዘር አቅራቢም፣ ጎተራም ነበር (ይህን የሚዘነጉ እቅድ አውጪዎች ጥቂት አይደሉም)። ከመጀመሪያው ዘር በፊት የብድር ማኅበር ካልተከፈተ፣ ነጋዴው ሰብሉን ገና በማሳ ላይ እያለ በርካሽ ይገዛዋል፤ አራሹ ጌታ ቀየረ እንጂ ከዕዳ አልወጣም።

ሌላው፦ ከክፍፍሉ በፊት የገበያ፣ የመንገድና የትምህርት ቤት ቦታ በካርታ ላይ ይከለል። አለዚያ ከተማዋ ስትሰፋ አዲሱን ባለይዞታ ማፈናቀል ግድ ይሆናል።