ስቴንት ወይስ ክኒን? የልብ ጥያቄዎቻችሁ

ዳገት ስወጣ ደረቴን ያፍነኛል፤ ሳርፍ ይተወኛል። የልብ ቧንቧ ጠቧል ተብዬ መድኃኒት ጀመርኩ። ልጆቼ ግን «ስቴንት (የጠበበን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ካልገባልህ እንቅልፍ አይወስደንም» ይላሉ።

ሐኪምዎ ቸል አላለዎትም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው «ኢስኬሚያ» የተባለ ጥናት ሕመማቸው የተረጋጋ 5,179 ሰዎችን ተከታትሏል። ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ለስቴንት ወይም ለቀዶ ሕክምና የተመደቡትና በመድኃኒት ብቻ የጀመሩት ከሦስት ዓመት በላይ ታይተው በሞትም ሆነ በልብ ጥቃት ጉልህ ልዩነት አልተገኘባቸውም። ስቴንት የሚከፍተው የጠበበውን ቦታ ብቻ ነዋ! ጥቃቱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ያን ያህል ባልጠበበ ሌላ ቦታ ያለ የስብ ክምችት ተቀድዶ ደም ሲረጋበት ነው። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ክኒን ስታቲን ግን የማይደርስበት ቧንቧ የለም።

ስቴንት ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በ2023 በወጣው «ኦርቢታ 2» ስቴንት የገባላቸው ሰዎች የገባላቸው መስሏቸው ካልገባላቸው ይልቅ የደረት ሕመማቸው ቀሏል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሕመሙን ካላስታገሰልዎት የስቴንቱን ጉዳይ ለሐኪምዎ ያንሱ። ዋናው የግራ ቧንቧ ከጠበበ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁጭ ባሉበት ከያዘዎትና አልለቅ ካለም ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ስታቲን ከጀመርኩ ወዲህ እግሬን ይቆረጥመኛል። ላቁመው?

ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቁሙ። «ሳምሶን» በተባለው ጥናት፣ ስታቲን አልስማማ ብሏቸው ያቆሙ 60 ሰዎች 12 ብልቃጥ ተሰጣቸው፤ አራቱ ስታቲን፣ አራቱ መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን፣ አራቱ ባዶ። በየወሩ አንዱን እየከፈቱ የሚሰማቸውን በየዕለቱ በስልክ መዘገቡ። በባዶው ወር ሕመሙ ቀነሰ፣ በስታቲኑ ወር ጨመረ። በአስመሳዩም ጨመረ፤ ያውም በስታቲኑ ከተሰማቸው 90 በመቶ ያህሉን! ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ የሚያመጣው ግን በአመዛኙ ክኒን የመዋጡ ስጋት ነው። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ግማሾቹ ወደ ስታቲን ተመልሰዋል። ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ጡንቻዎ ከዛለ ግን ቶሎ ይመርመሩ።

የሪህ መድኃኒቱ ኮልቺሲን ለልብም ይሆናል አሉ።

ገና እያከራከረ ነው። በ2020 በ5,522 ሕሙማን ላይ በቀን 0.5 ሚሊግራም ሲሰጥ የልብ ጥቃትና መሰል አደጋዎችን በ31 በመቶ ቀንሶ ነበር። በ2024 ግን ጥቃት የደረሰባቸውን ከ7,000 በላይ ሰዎች ያየ ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። እኔ ብሆን አልቸኩልም፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰውማ ጭራሽ አይሞክረው።

የልብ ጥቃት ከደረሰብኝ ዓመታት አልፈዋል። የልብ ምትን የሚያረጋጋውን መድኃኒት፣ ቤታ ብሎከሩን፣ ልተወው?

የልብዎ የመርጨት አቅም፣ ማለትም በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚረጨው፣ ስንት በመቶ እንደሆነ ይጠይቁ። 50 እና ከዚያ በላይ ለሆነላቸው፣ ከጥቃቱ በኋላ መጀመሩ እንደማይጠቅም በ2024 አንድ ጥናት አሳይቷል። በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ደግሞ ሲወስዱ ቆይተው ያቋረጡት ለልብ ሕመም ሆስፒታል መግባታቸው እንደበዛ ዘግቧል። የሚቆም ከሆነም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ጊዜ አይቋረጥም።