ኦክሲቡቲኒን ለታዘዘለት ልጅ እናት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ አምስት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀርባው ላይ ክፍተት ነበረው፣ በቀዶ ጥገና ተዘግቶለታል። ሽንቱ ስለሚያመልጠው ሐኪሙ ኦክሲቡቲኒን አዘዘለት። አማትሽ ግን «የነርቭ መድኃኒት ልጁን ያፈዘዋል» ብለው ከለከሉሽ። ልጀምርለት ወይ፣ ዕድሜ ልኩንስ ነው ወይ ብለሻል። የኔም ልጅ እንደሱ ናት፣ እዚሁ ጎንደር ነው ያሳደግኳት።

1. ጀምሪለት። የተጎዳው ወደ ሽንት ፊኛው የሚሄደው ነርቭ ነው። ስለዚህ የፊኛው ጡንቻ ያለጊዜው ይኮማተራል፣ ውስጡ ግፊት ይበዛል፣ ግፊቱም ለኩላሊት ይተርፋል። ኪኒኑ ያንን ጡንቻ ያላላል። ሰው የሚያየው ሱሪው መርጠቡን ነው፤ የሚያስፈራው ግን ኩላሊቱ ነው። ለአማትሽም ይሄንኑ አስረጃቸው። አንዳንድ ልጅ ላይ ድብታ ወይም መነጫነጭ ሊመጣ ይችላል። ያን ካየሽ ለሐኪሙ ንገሪው፣ መጠኑን ያስተካክላል። የኔም እናት ጠበል ይሻላታል ብላ ነበር። ጠበሉም ሄደች፣ ኪኒኑም አልተቋረጠም።

2. ካቴተሩን፣ ማለትም ሽንት ለማውጣት ወደ ፊኛው የሚገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ከኪኒኑ አትለይው። ካልታዘዘለት ሄደሽ «ፊኛው በደንብ ባዶ ይሆናል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ይሄን ጠበቅ አድርጌ የምነግርሽ ምክንያት አለኝ። ሆስፒታል አስተምረውኝ በየአራት ሰዓቱ ሽንቷን በካቴተር አወጣላት ነበር። አንድ ቀን ለጉንፋን ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ ወሰድኳት። እዚያ ያለው ባለሙያ ካቴተሩን ቦርሳዬ ውስጥ አይቶ ተቆጣኝ። «ኪኒን ከጀመረች በኋላ ቱቦ መክተት ምን ይባላል? ታለምጃታለሽ እኮ!» አለኝ። ነጭ ጋዋን ለብሶ እንዲህ ሲል ማን አያምንም? ልብሷም ደረቅ ሆነ፣ ደስ አለን። ለካ ኪኒኑ ፊኛውን ሲያላላው ሽንቱ መውጣቱን ትቶ እዚያው እየተጠራቀመ ነው። ትኩሳቱ ሲመጣ ልጄ ጎኗን ይዛ ትጮህ ነበር። አልትራሳውንድ ሲነሳ አንዱ ኩላሊቷ አብጧል። ተኝታ ታከመች፣ ካቴተሩ ተመለሰ፣ እብጠቱም እየቀነሰ ሄደ። ያ ሰው ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ባይናገር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ካቴተር ስትገዢ ላቴክስ ከሚባለው ጎማ ያልተሠራውን ጠይቂ፣ ጓንቱም እንደዚያው። እንደኛ ልጆች ያሉት ላቴክስ ብዙ ጊዜ አለርጂ ይሆንባቸዋል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ትኩሳት ካለው ደግሞ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት የሽንት ካልቸር፣ ማለትም የትኛው ጀርም እንደሆነ የሚለይ ምርመራ፣ ይወሰድለት። እኛ በግምት የተሰጠን መድኃኒት ምንም አልሠራላትም ነበር።

3. ሆድ ድርቀት። ኪኒኑ ያደርቃል፣ እነሱ ደግሞ በነርቩም ምክንያት አንጀታቸው ሰነፍ ነው። አንጀት ሲሞላ ፊኛውን ይጫናል፣ ያኔ ኪኒኑ የማይሠራ ይመስልሻል። እኔ ጠዋት ጠዋት ተልባ በጥብጬ እሰጣታለሁ፣ አትክልትና ውኃም አይለያትም። ካልበቃ ሐኪሙ የሚያለሰልስ ያዝለታል። አፉም ይደርቃል፣ ጉንጩም ይቀላል። ላብም ይቀንሳል፤ ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጎንደር አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቅሽም። መተማ ለሠርግ ስንወርድ ግን ልጄ እንደ ምጣድ ጋለች። ቆላ ከወረዳችሁ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ውኃ አብዢለት፣ ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሺው።

ሐኪሙ የሰጠሽ ቀስ እያለ የሚለቀውን ዓይነት ከሆነ አትፍጪው፣ አትስበሪውም። ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ግማሽ ሳለ መፈለግ ጀምሪ። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ፒያሳን እየዞርሽ ነው የምትገዢው። ደረሰኝ ያዢ። እኔ ደረሰኜን ይዤ የመድን ገንዘብ ልጠይቅ የሄድኩበት ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴት «ሽንት ማምለጥ ደግሞ በሽታ ነው እንዴ? ዳይፐር አታደርጊላትም?» አለችኝ፣ ሰው በተሰለፈበት። ልጄ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። የሐኪሙን ወረቀት አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኩላሊት የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አለች። ገንዘቡ ዘግይቶም ቢሆን ተከፈለኝ። አንቺም ምርመራው በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት ሳትይዢ እንዳትሄጂ።

ልጄ አሁን ካቴተሩን ራሷ ታደርገዋለች። ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ስንሄድ በትንሽ ቦርሳ ሳሙናዋንና ዕቃዋን ይዛ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ ሳላስታውሳት «እማዬ፣ ደረሰ» ትለኛለች። በጣም ነው የምኮራባት።

ዕድሜ ልክ ነው ወይ ላልሽው፣ የኔዋ አሁንም ትወስዳለች። መጠኑ በኪሎ ስለሚሰላ ባደገች ቁጥር ይስተካከላል። ኪኒኑ ካልተስማማው ሌላም መድኃኒት አለ። ሚራቤግሮን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመት ጀምሮ ላሉ እንዲህ ዓይነት ልጆች ተፈቅዷል፣ ሐኪምሽን ጠይቂው። አልትራሳውንዱ ጥሩ ሲሆን «ድኗል፣ ይቁምለት» የሚሉሽ አይጠፉም። ጥሩ የሆነው በኪኒኑና በካቴተሩ ነው። ይቁም ከተባለም የሚለው ፊኛውን የሚከታተለው ሐኪም ይሁን፣ ጎረቤትም አማትም አይደሉም።