ከማሽላው መካከል ያበበው ሮዝ አበባ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሳለ በማሽላ ማሳ ውስጥ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ፣ ግንዱ ሲዳስሱት የሚሻክር፣ እጅግ የሚያምር ሮዝ አበባ አየሁ። ለጓሮዬ ይሆነኛል ብዬ አምስት ስድስት ዘለላ ቆርጬ በጋዜጣ ጠቅልዬ ስመለስ አጎቴ «ከማሳዬ መንቀልሽስ ደግ ነበር፣ ይዘሽው መሄድሽ ነው የማይበጀው» ብለው ተቆጡኝ። አሁን ጋዜጣውን ስገልጠው የደቀቀ ቡና የመሰለ ብናኝ እንጂ ዘር አላገኘሁበትም። አበባው ምንድን ነው? እንዴትስ ይዘራል?

መልስ፦ አጎትዎ እውነት አላቸው። ይዘውት የመጡት አቀንጭራ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ስትራይጋ ሄርሞንቲካ የሚባል፣ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አብቦና ዘሩን አራግፎ የሚደርቅ ጥገኛ አረም ሲሆን፣ ከማሽላ ሌላ በቆሎን፣ ዳጉሳንና ሸንኮራ አገዳን ያጠቃል። የአማርኛ ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ የያዘውን ማሽላ ያቀነጭረዋልና። ውበቱን ግን ማንም አይክደውም። ባለ አራት ማዕዘኑን ሻካራ ግንድ ተከትለው አንዲቱን አበባ በቅርብ ቢመለከቷት፣ ቀጭኗ ቱቦ ከመካከሏ በላይ እንደ ክርን ታጥፋ፣ ከጫፏ ላይ የላይኛው ከንፈር በሁለት፣ የታችኛው ሰፋ ብሎ በሦስት ተከፍሎ ያዩታል። አበባው የሚፈነዳው ከታች ወደ ላይ በመሆኑ፣ ጫፉ ገና በሚያብብበት ጊዜ የታችኛው ፍሬ ደርቆ ይሰነጠቃል። በጥቅምት የቆረጡት ዘለላ ከላይ አበባ፣ ከታች ግን የበሰለ ዘር ይዞ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘር አላገኘሁበትም ያሉት ያ ብናኝ ራሱ ዘሩ ነው። አንዱ ፍሬ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ ያህል አይበልጥም፤ አንድ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ አፈር ውስጥ የገባውም ምቹ ጊዜ እስኪያገኝ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ይህን ያህል የደቀቀ ዘር ለቡቃያው የሚሆን ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ሕይወቱ በሙሉ አጠገቡ የሚመገበው ሥር በማግኘቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እንዴት ይዘራል ላሉት ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ቢረጥብም አቀንጭራ ወዲያው አይበቅልም። በራሰና በሞቀ አፈር ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት ከሰነበተ በኋላ፣ የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀውን ስትሪጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ሲያገኝ ብቻ ይነቃል። ማሽላው ይህን ንጥረ ነገር የሚለቀው ጠላቱን ለመጥራት አይደለም። ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ጋር ተጎዳኝተው ምግብ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች የሚጣራበት መልእክት ነው፤ ወዳጅ የተጠራበትን ድምፅ ሰምቶ ጠላት ይደርሳል። የነቃው ቡቃያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ተጉዞ ሥሩን ካገኘ ጫፉ ያብጥና ተጣብቆ ውስጥ ለውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ውኃውንም ምግቡንም ይጠባል። ከአፈር በላይ ብቅ የሚለው ሳምንታት ቆይቶ ነው። ሲወጣ ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ራሱን የቻለ ይመስላል እንጂ ጉዳቱን በአብዛኛው ከመሬት በታች ሳለ አድርሶ ጨርሷል። ዝናብ ሳይጠፋ ጠውልጎና ቅጠሉ ተለብልቦ የሚታየው ማሽላ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን ጓሮ ቢበትኑትም አበባ አያገኙበትም። ማሽላ የሌለበት ግቢ ነው፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ያለው የከተማችሁ ብርድም 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሙቀት ለሚወድ ዘር አይሆንም። ይሁን እንጂ ዘሩ ከጫማ፣ ከጆንያና ከከብት ፍግ ጋር ተመልሶ ቆላ ሊወርድ ስለሚችል፣ ጋዜጣውን ሳያራግፉ እንደታጠፈ እሳት ውስጥ ይክተቱት።

ሮዝ አበባ ካማረዎት ኮስሞስን ይዝሩ። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ቢሆንም ከአደይ አበባ ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከሱፍ ቤተሰብ ይመደባሉ። በኮስሞስ ዙሪያ የምናያቸው፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት የሚሆኑት ሮዝ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ሲሆኑ፣ መካከሉን የሞሉት ቢጫዎቹም ሌሎች ጥቃቅን አበቦች ናቸው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከፍ ባለ መደብ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሰው ይዝሩትና ሲበቅል በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱት። መደቡ ከፍ ይበል ያልኩት የክረምቱ ውኃ በጥቁሩ አፈር ላይ ተኝቶ ሥሩን እንዳያበሰብሰው ነው። ፍግ አያብዙበት፤ ከጠገበ ቅጠሉን ያንዠረግግና ይወድቃል እንጂ አበባ አይሰጥም። ውርጭ ስለማይችል ዘግይተው አይዝሩት፤ በጊዜው ከተዘራ ግን ለመስከረም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ በቀወት ወረዳ ማሽላ አምራች ነኝ። አቀንጭራን በየዓመቱ ነቅለን በማሳው ዳር እንጥላለን፤ ሆኖም እየባሰ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። ድካማችን ከንቱ ነው ወይ?

መልስ፦ መንቀላችሁ ከንቱ አይደለም፤ የሚያከስራችሁ የጣላችሁበት ቦታና የነቀላችሁበት ጊዜ ነው። ፍሬ መቋጠር ከጀመረ በኋላ የተነቀለ አቀንጭራ ተጥሎም ዘሩን ያራግፋል፤ ለከብት ቢሰጥም ዘሩ ሳይሞት ከፍግ ጋር ይወጣል። የመጀመሪያው አበባ እንደ ፈነዳ ንቀሉ፤ ፍሬ የያዘውን ለይታችሁ አቃጥሉ። በተረፈ ንቀላው የዘንድሮን ማሽላ ብዙም አያድንም፤ የሚታደገው የመጪዎቹን ዓመታት አዝመራ ነው። ይህ ካልተነገረው ገበሬው ምርቱ አለመሻሻሉን አይቶ በሁለተኛው ዓመት ንቀላውን መተዉ አይፈረድበትም።

ከንቀላው ጎን ለጎን ሰብል ማፈራረቅ ያስፈልጋል። በአካባቢያችሁ ለገበያ የሚዘራውን ማሾ ይህ አረም አይጠባውም። ጥጥና ሰሊጥ ደግሞ ከዚህም አልፈው ዘሩን ይቀሰቅሱታል፤ የሚጣበቅበት ሥር ስለማያገኝ ግን ተርቦ ይሞታል። እንዲያውም ዘሩን የሚያነቃው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1966 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው ከጥጥ ሥር ነበር። በአፈር ውስጥ የተከማቸው ዘር ብዙ ስለሆነ አንድ ዓመት ብቻ አፈራርቆ ወደ ማሽላ መመለስ ለውጥ አያመጣም። የተራበ መሬት ደግሞ አቀንጭራን ይጋብዛልና በደንብ የተብላላ ፍግና ማዳበሪያ አትንፈጉት።

ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ይህን አረም እንዲቋቋሙ ተመርጠው ለአገራችን ገበሬዎች ተለቀዋል። እንዲህ ያሉትን ዝርያዎች በማዳቀል ሥራቸው ኢትዮጵያዊው ተወላጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የመቋቋማቸው ዋና ምክንያት ሥራቸው ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ መልቀቁ ነው፤ ያልተጠራ ዘር ደግሞ አይነቃም። ቁመታቸው አጭር በመሆኑ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር የሚሆን አገዳ እንደ አገሬው ማሽላ አይሰጡም፤ ይህም ቀላል ቅሬታ አይደለም። ስለዚህ ማሳውን በሙሉ ከመለወጥ ይልቅ አቀንጭራው በበረታበት በኩል ጀምሩ፤ ስለ ዘሩ አቅርቦት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ለዘር የምታስቀምጡትን ማሽላ አረሙ ካልገባበት ማሳ ምረጡ፤ ስታርሱም የተጠቃውን ማሳ መጨረሻ አድርጉት፤ ማረሻውንም ከዚያ ሳትወጡ ጥረጉት።