ለካደችኝ ጓደኛዬ እንዴት ልጸልይ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የሰፈር ዕቁብ ነበረን፤ 20 ሰው፣ በወር 5,000 ብር። አንዲት በጣም የምወዳት ጓደኛዬ ሦስተኛው ዕጣ ሲወጣላት ዋስ የሆንኳት እኔ ነኝ። እስከ 12ኛው ወር ከፈለች። ከዚያ ቤት ቀየረች፣ ስልኳንም ዘጋች። የቀረውን 8 ወር እኔ ከፈልኩ፤ 40,000 ብር። ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩት ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ማን ዋስ ሁኚ አለሽ?» ይለኛል።

አሁን ኮዬ ፈጬ ተከራይታ እንደምትኖር ሰምቻለሁ። እሁድ እሁድ ግን እኛ አጥቢያ መጥታ ታስቀድሳለች። ነጠላዋን ተከናንባ ሳያት ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ ቦታ እቀይራለሁ። ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። ማታ «አባታችን ሆይ» ስል «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ዘልዬው አልፋለሁ። ጸሎቴ ከንቱ ነው ማለት ነው? ሳትጠይቀኝ ይቅር ልበላት? ገንዘቤንስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ 40,000 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። «ገንዘብ ምን አላት፣ ተያት» የሚሉሽ ሰዎች አይጠፉም። እኔ እንደዚያ አልልሽም። ጌታም አላለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጴጥሮስ «ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው? እስከ ሰባት ጊዜ?» ብሎ ጠየቀው። ጌታም «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» አለውና የሁለት ባለዕዳዎችን ምሳሌ ነገረው። የመጀመሪያው 10,000 መክሊት ተማረለት። ወዲያው ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። ስንሰማው 100 ዲናሩ የሳንቲም ያህል ይመስለናል። ግን በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር። የመቶ ቀን ላብ ማለት ነው። እርግጥ ከ10,000 መክሊቱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ቢሆንም ጌታ የሰውየውን ገንዘብ አላቃለለበትም። አንቺም በእውነት ተበድለሻል።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ያደግኩት ካራ ነው። ያኔ ከኮተቤ ወዲያ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነበር። የአባታችን መሬት ለልማት ሲነሳ ካሳ ተከፈለ። ሦስት ነን። ውክልናውን ለታላቅ ወንድማችን ሰጠነው። ገንዘቡን ተቀበለ፣ አይሱዙ ገዛበት። ለእኛ አንድ ብር አላደረሰንም።

ከዚያ ወዲህ አይሱዙ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ቤቴ ደግሞ ከደሴ መንገድ ዳር ነው፤ ሌሊትም ቀንም አይሱዙ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፣ ጧፍ አበራለሁ፣ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» እላለሁ። ሰው ሲጠይቀኝም መልሴ ይኸው ነበር። ሰዉም «ምን ያለች መንፈሳዊ ናት» ይል ነበር። አራት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ቀን መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ተገለበጠ ብለው ደወሉልኝ። ወንድሜ ተርፏል፤ እግሩ ግን ተሰብሯል። ስልኩን እንደዘጋሁ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። «ሰማኝ!» አልኩ። እግዚአብሔርን ማለቴ ነው። ከዚያ ፈራሁ። በልጅነቴ አዝሎ ወንዝ ያሻገረኝ ወንድሜ እኮ ነው።

እየሮጥኩ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ጸልየሽለት ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አልኳቸው። «እሱማ ክስ ነው። ጸሎቱን ነው የጠየቅኩሽ» አሉኝ። ቀጥለው «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ። ጠፋኝ። የገዛ ወንድሜን የክርስትና ስም ለማወቅ አክስቴ ጋ መደወል ነበረብኝ። ያን ቀን እንዳለቀስኩ አልቅሼ አላውቅም።

ቀኖና ሰጡኝ፤ 40 ቀን፣ ከውዳሴ ማርያም ቀጥዬ ስሙን እየጠራሁ አንድ «አባታችን ሆይ» እንዳደርስለት። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥርሴን ነክሼ ነው ያደረስኩት። ልቤ ውስጥ ምንም ፍቅር አልነበረም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን «እግሩን ማርለት» ስል ራሴን ሰማሁት። ማንም አላዘዘኝም። አይሱዙ ሳይ አሁንም ይሰማኛል፤ ግን እንደ ድሮው አያቃጥለኝም።

ስለዚህ መስመሯን አትዝለያት፣ እህቴ። እዚያ ስትደርሺ ቁሚ። «አቃተኝ» በዪው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያ የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ፤ ጌታም ልጁን ፈወሰለት። አንቺም «ይቅር ማለት እፈልጋለሁ፤ አለመቻሌን እርዳው» በዪ። ይህን የምትይበት ጸሎት ከንቱ አይደለም።

ሳትጠይቀኝ ላልሽው፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ሲል ድንጋዩ ገና እየወረደበት ነበር። እሷ ብትመጣም ባትመጣም በልብሽ ያለውን እሳት ማጥፋት ትችያለሽ። እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። እሱ የሚሆነው እሷ ስትመጣ ነው።

ገንዘቡን መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። እዚያው ምዕራፍ 18 ላይ፣ ከሰባ ጊዜ ሰባቱ ቀድሞ፣ ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ውሰድ ይላል። የእኛ ሽማግሌ ይኸው አይደል? እኔም ለወንድሜ ሦስት ሽማግሌ ልኬበታለሁ። በደሌ ነው ብሎ አመነ፤ በየወሩ ሊከፍለን ቃል ገባ። አምስት ወር ከፍሎ አቆመ። አሁንም እየጠየቅኩት ነው፤ ግን ዓመት በዓል ሲመጣ ቤቱ እሄዳለሁ። አንቺም መጀመሪያ ብቻሽን አነጋግሪያት። በወር 1,000 ብርም ቢሆን እንድትከፍልሽ ጠይቂያት። ምናልባት አፍራ ይሆናል የጠፋችው። ዳግመኛ ዋስ ሁኚላት ግን አላልኩሽም። ባለቤትሽንም አትርሺው፤ ገንዘቡ የእሱም ነው። ከመሄድሽ በፊት ተማከሩ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። እናንተ አጥቢያ መጥታ የምታስቀድሰው ለምንድነው? ኮዬ ፈጬም ቤተ ክርስቲያን አለ። ልታይሽ ፈልጋ እንዳይሆን። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው፤ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ጎንበስ እንላለን። የሚመጣው እሁድ ቦታ አትቀይሪ። ካጠገብሽ ካለች ወደ እሷም ጎንበስ በዪ። ለዚያ ቀን ይህ ይበቃል።

የክርስትና ስሟን ካላወቅሽ ከዕቁቡ ሴቶች አንዷን ጠይቂ። ስታገኚው ለእኔም ጻፊልኝ። ያንቺንም አብረሽ ጻፊ፤ ሁለታችሁን ማታ ማታ አስባችኋለሁ።