ቆልፋችሁበት አታስቁሙት፤ እኔ አድርጌው አይቻለሁ

እህቴ፣ «ወንድሜ በየቀኑ አረቄ ይጠጣል፤ ግን አይወድቅም፣ ሥራውንም አይፈታም። ሱስ ነው ወይስ ልማድ? ቤት ቆልፈንበት ብናስተወውስ?» ብለሻል። የኔው ጋሼ ታሪክ ነው። እባክሽ እንዳትቆልፉበት።

1. ስካሩን ተይው፤ ጠዋት እጁን እዪ። ጋሼ ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ነው። ጠዋት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያቅተው ነበር። ሁለት መለኪያ ከጨለጠ በኋላ ባንዴ ያስገባዋል። እኛም እንስቅ ነበር። «ብርዱ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ» ይላል። የኛን አገር ብርድ ታውቂዋለሽ፣ አመንነው። ሸዋ ሮቢት ሠርግ ወርደን ሰው ሁሉ በላብ ሲጠመቅ የሱ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያኔ ነው የነቃሁት።

2. ድሮ በሦስት መለኪያ የሚሞቀው ሰው አሁን ግማሽ ሊትር ምንም ካልመሰለው «ይችላል» አትበዪ። ሰውነቱ ለምዶታል። መደበቅም አለ፤ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር ስንት ባዶ ሃይላንድ አውጥቻለሁ። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ሲያቅተው፣ የራበው እህል አልነበረም።

3. ማስተዉ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ክፍል ቆልፈን እናስቀምጠው ያልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ላብ፣ ትውከት፣ እንቅልፍ የለም። በሁለተኛው ቀን ጣለው፤ አረፋ ደፈቀ። ማታ ከጋቢው ላይ የሌለ ትኋን ይለቅም ጀመር። ጎረቤት ጋኔን ነው አለ። ጠበል አልነቅፍም፣ ራሴም እጠመቃለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት ሐኪም ነበር የሚያስፈልገው።

የሄድንበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ሰካራም ከሆነ ወስዳችሁ አስተኙት፣ ሲበርድለት ይነሳል» አለችን። ከጠጣ እኮ ሁለት ቀኑ ነው! እስካሁን ያንገበግበኛል። በኋላ ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ልጅ እግር ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀን «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ለዓመታት አልኮል የለመደ አንጎል ድንገት ሲቀርበት ይረበሻል አለን። መጣሉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይመጣል፤ መቃዠቱ ከዚያ ይከተላል፤ ይገድላልም። ዳያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡት፣ በየቀኑ እየቀነሱ። የቫይታሚን ቢ 1 መርፌም ተወጋ።

ስለዚህ ከማስቆማችሁ በፊት ሐኪም ጋ ውሰጂው። አቋርጦ ከታመመም ካርድ ክፍል «ይጠጣል» ብቻ ብለሽ እንዳትቆሚ። «ካቆመ ይሄን ያህል ቀኑ ነው፣ ጥሎታል» በይ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይ ሆዱ ከተነፋ ጉበቱንም አሳዪው።

ጋሼ አንዴ ተመልሶ ጀምሮ ነበር። ስፌት ቤቱ ከአረቄ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ምን ይደረግ። በዕቁቤ ብር ማሽኑን ቤት አስገባሁለት፤ ማንም አላገዘኝም። ካቆመ አሁን ሁለት ዓመቱ ነው።

የወንድምሽ እጅስ ጠዋት ይንቀጠቀጣል? መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ።